የሰው ገመና በእኔ ስልክ

በወጣቶች ትምህርት ሰዓት ስለ ስልክና ስለ ግል ሕይወት ባነሣሁ ቁጥር አንድ መልስ አይጠፋም። «መምህር፣ እኔ ምን የምደብቀው ነገር አለኝ? ጌታ ሁሉን ያያል፤ ሰው ቢያይብኝ ምን ይጎዳኛል?» ይላል አንዱ። ሌሎቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መልሱ መንፈሳዊ ይመስላል። ንጹሕ ሰው ብርሃን አይፈራም የሚል ቃና ስላለው ለመከራከርም ያሳፍራል፤ የሚከራከር ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስላልና።

እኔ ግን ይህ መልስ ያልተጠየቀ ጥያቄን የሚመልስ ነው እላለሁ። የተጠየቀው «የምደብቀው ኃጢአት አለኝ ወይ?» ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። ስልክን በተመለከተ የሚነሣው ጥያቄ ግን «በእጄ ላይ የማን ነገር አለ? አደራዬስ ምን ያህል ነው?» የሚል ነው። ይህኛውን «ምን የምደብቀው አለኝ» በሚል መልስ ማለፍ አይቻልም።

እስቲ ከራሳችን ከተማ እንነሣ። ቡልቡላ ከባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን የምትጋራው ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ ይፈስሳል፤ ወሬም በከተማችን እንደ ወንዙ ነው፣ አንድ ቦታ አይቆምም። ማን ጠዋት ወደ አዳማ እንደ ሄደ፣ የማን ልጅ በግብርና ማቀነባበሪያው ፓርክ ሥራ እንዳገኘ፣ የማን ቤት ትናንት ማታ ድምፅ ከፍ እንዳለ እስከ ቁርስ ድረስ ይታወቃል። አዲስ ጫማ አድርጎ ገበያ የወጣ ሰው ዋጋውን ሦስት ጊዜ ሳይናገር ቤቱ አይመለስም። ስለዚህ ወጣቶች «ድሮስ በቡልቡላ ምን ምስጢር ነበረና ነው ስልክ የሚያወጣብን?» ቢሉ አይገርመኝም።

ነገር ግን ጎረቤት የሚያውቀውና ስልክ የሚይዘው አንድ ዓይነት አይደለም። ጎረቤቴ ስለ እኔ አንድ ክፉ ነገር ቢያውቅ ሌላ ሃያ ነገርም አብሮ ያውቃል፤ እናቴን ሲቀብር አብሮኝ ቆሟል፣ ልጄ ታምማ ሌሊት በሩን አንኳኩቼበታለሁ። የሚያውቀው እኔን ነው። ደግሞም ይረሳል። ባይረሳ እንኳ ነገ ዕድር ላይ ፊት ለፊት እንገናኛለን፤ ያወራብኝ እንደሆነ ዓይኔን ማየት ግድ ይሆንበታል። በስልክ ተቀርጾ የወጣ ነገር ግን ሃያውን ትቶ አንዱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ሐዋሳ ለሚገኝ ለማያውቀኝ ሰው፣ ከዚያም ቤሩትና ጂዳ ላለ ለማያውቀኝ ሰው እኔ ያቺ አንዷ ነገር ብቻ ነኝ። አይረሳም። የያዘውም ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ለንግግር ነበር፤ ከንግግር ግን ቢያንስ «እንዲህ አላልኩም» የሚባል ነገር ይተርፋል።

በአማርኛችን ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ቃል የለም ሲባል እሰማለሁ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 «የግል ሕይወት» ይለዋል፤ የሰውን መኖሪያ ቤትና አካል ያለ አግባብ ከመበርበር ይጠብቃል፣ በፖስታ የሚላክ ደብዳቤም ሆነ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል። ጥሩ ነው። ግን እኛ ከሕግ በፊት «ገመና» የሚል ቃል ነበረን። ይህን ቃል እወደዋለሁ፤ ምክንያቴም አጠቃቀሙ ነው። «ገመናዬን ከተተልኝ»፣ «ገመናችንን አወጣብን» እንላለን። ገመና ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው የሚከተው ወይም የሚያወጣው ነገር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ገመናውን መጠበቅ አይችልም፤ አንሶላው ሲገለጥ የሚያለብሰው ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ የግል ሕይወት «የእኔ መብት» ከመሆኑ በፊት «የጎረቤቴ ግዴታ» ነበር ማለት ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን የሚያሳይ ታሪክ አለው፤ ኖኅ ሰክሮ በድንኳኑ ውስጥ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ የሆነው። ካም አየ። ማየቱ ምናልባት በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ድንኳን የገባ ሰው ያለውን ያያል። ካየ በኋላ ግን በአጠገቡ ልብስ አንሥቶ ማልበስ ሲችል ወደ ውጭ ወጥቶ ለወንድሞቹ ነገራቸው። ሴምና ያፌት ደግሞ ልብሱን በጫንቃቸው ላይ አድርገው ወደ ኋላ እየሄዱ፣ ፊታቸውንም መልሰው አለበሱት። በዚህ ታሪክ ላይ የሚገርመኝ ነገር ካም የተናገረው ውሸት አለመሆኑ ነው። ወሬው እውነት ነበር። አባትየውም በእርግጥ ጥፋተኛ ነበር፣ ሰክሯልና። «እውነት እስከሆነ ድረስ ብናገር ምን አለበት?» የሚል ሰው ካም ምን እንዳጠፋ ሊያስረዳኝ ይገባል። ዛሬ አንድ ሰው የላከልንን መልእክት ስክሪንሻት አድርገን ለሦስተኛ ሰው ስንልክ፣ ከድንኳኑ ወጥተን ወንድሞቻችንን እየጠራን ነው። እውነት መሆኑ አያድነንም።

አሁን ስልካችሁን አውጡና እዩት። የተመዘገቡት ስሞች ስንት ናቸው? ሦስት መቶ? አምስት መቶ? ከእነዚህ ሰዎች መካከል «ቁጥሬን ለማንም ስጥ» ያላችሁ ስንቱ ነው? በፎቶ ማኅደራችሁ ውስጥ የእናታችሁ የባንክ ደብተር ፎቶ ይኖራል፤ ብር እንድታወጡላት ልካላችሁ ነው። የእህታችሁ የሐኪም ወረቀት ይኖራል። አንድ ጓደኛችሁ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ልቡ ተሰብሮ የጻፈላችሁ ረጅም መልእክት ይኖራል፤ እርሱ ራሱ ጠዋት አጥፍቶት ይሆናል፣ እናንተ ዘንድ ግን አለ። እንግዲህ «እኔ የምደብቀው የለኝም» ስትሉ ስለ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ሆናችሁ መናገራችሁ ነው። ማን ወከላችሁ?

ለዚህም ነው አንድ የጨዋታ ወይም የፎቶ ማሳመሪያ መተግበሪያ ሲጫን «የስልክ ቁጥሮችህን ልይ?» ብሎ ሲጠይቅ «አይሆንም» በሉት የምለው። ሻማ ለማብራት የሚያገለግል መተግበሪያ የአክስቴን ቁጥር ምን ያደርግለታል? የሚገርመው ብዙዎቻችን ቤታችን መጥቶ «የዘመዶችህን ስምና ስልክ በወረቀት ጻፍልኝ» የሚለንን እንግዳ በጥርጣሬ እናየዋለን፤ በስልክ ሲሆን ግን ሳናነብ እንነካዋለን።

ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ልግባ፤ እውነቱን ለመናገር የምጽፈው በዋናነት ስለዚህ ነው።

አንዲት እህት ለአንድ መሪ ችግሯን ትናገራለች እንበል። ቤት ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው፣ ወይም የጤና ጉዳይ ነው፣ ወይም ከአንድ ወንድም ጋር የገባችበት ነገር ነው። መሪው ከልቡ ያዝናል። ማታ በቴሌግራም የኅብረቱ ቡድን ላይ «የጸሎት ርዕስ» ብሎ ይጽፋል፤ «ስሟን መጥቀስ የማልፈልግ ከመዘምራን ወገን የሆነች አንዲት እህታችን...» ይላል። በእኛ ከተማ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ያሉት እህቶች ስንት ናቸው? ስሟን ባይጠቅስም አድራሻዋን ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከቡድኑ አባላት ግማሹ ይጸልያል፤ ሌላው ግማሽ ያሰላል። በነጋታው እሑድ ልጅቷ ስትገባ ዓይን ይከተላታል፤ እርሷ ግን ምን እንደ ሆነ አታውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ከሳምንታት በኋላ መምጣት ስታቆም ደግሞ «ቀዘቀዘች» ተብሎ ሌላ የጸሎት ርዕስ ይወጣላታል።

ጌታ በማቴዎስ 18 ያስተማረው ቅደም ተከተል ለዚህ መድኃኒት ነበር። ወንድምህ ቢበድልህ መጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻ ሆናችሁ፤ እንቢ ካለ አንድ ወይም ሁለት ጨምረህ፤ ያም ካልሆነ ለቤተ ክርስቲያን። በመጀመሪያው እርምጃ ላይ «ብቻ» የሚለው ነገር ለጌጥ የገባ አይደለም። ነገሩ የሚያውቁት ሰዎች ቁጥር እንዲያድግ ምክንያት ይጠይቃል። የቴሌግራም ቡድን ግን በአንድ ጣት ንክኪ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ያደርሳል፤ ያውም ቤተ ክርስቲያን ከተሰበሰበችበት ወሰን አልፎ። ስለ ሰው በቡድን ከመጻፍ በፊት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ እርሷ ፈቅዳለች? ካልፈቀደች ሆድ ይፍጀው። እግዚአብሔር ጸሎት ለመስማት የቡድኑ አባላት ቁጥር እስኪሞላ አይጠብቅም።

«ክርስቲያን ምን የሚደብቀው አለ?» ለሚሉ ደግሞ የአባቶቻችንን ታሪክ ላስታውሳቸው። በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ። ይህች ቤተ ክርስቲያን ሥሯ እዚሁ ቅርባችን ናዝሬት ነው። ሕንጻዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ፣ አንዳንዶቹም ያለ ፍርድ ዓመታትን በእስር ቤት አሳለፉ። ምእመናኑ ግን በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ ኖሩ። ያን ጊዜ ዝማሬ ጎረቤት እንዳይሰማ ዝቅ ይደረግ ነበር፤ ማን በማን ቤት እንደሚሰበሰብ የማይመለከተው ሰው አያውቅም ነበር። ሲዘጋ 5 ሺህ ገደማ የነበሩት አባላት ነጻነት ሲመጣ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ።

እነዚያ ሰዎች የሚደብቁት ነገር ነበራቸው። የሚደብቁት ግን ኃጢአት አልነበረም፤ እርስ በርሳቸው ይደባበቁ ነበር፣ ወንድም ወንድሙን። አንድ ሰው ተይዞ ሲጠየቅ ስም አለመጥራቱ ፍቅር ነበር። አሁን ያለንበት ዘመን ያ አይደለም፤ እሑድ በድምፅ ማጉያ እየዘመርን ነው፣ እንዲያውም ድምፁን ብንቀንሰው ጎረቤቶቻችን ይባርኩን ነበር። ነገር ግን «ንጹሕ ሰው ምስጢር አያስፈልገውም» የሚለው አባባል በዚያ ዘመን ቢሠራ ኖሮ ማንን ያስደስት እንደነበር አስቡ። ዛሬም ቢሆን ዓለም ሁሉ ለእኛ በተመቸበት ሁኔታ አይደለም ያለው፤ በእምነቱ ምክንያት ከቤተሰቡ የተጣላ ወጣት በመካከላችን ይቀመጣል። የእሑዱ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሲወጣ ከበስተኋላ የሚታየው ፊት የእርሱ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ምሳሌ ላምጣ፤ ይህኛው በሁላችን ፊት የሆነ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ብልሽት ሰዎች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በስልክ ተዛመተ፤ ተማሪዎች በሌሊት ወደ ገንዘብ ማውጫ ማሽኖች ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ ገለጸ። የሚበዛውም ተመለሰ። ባልመለሱት ላይ ግን ባንኩ ስማቸውንና ፎቷቸውን በቅርንጫፎቹ ደጃፍ ለጠፈ።

በመጀመሪያ ግልጽ ላድርግ፤ የራስ ያልሆነን ገንዘብ አውቆ መውሰድ ስርቆት ነው። ማሽን ተሳስቶ ሰጠኝ ማለት የጎረቤት በግ አጥሬን ዘሎ ገባልኝ ብሎ እንደ ማረድ ነው። በዚያ ሰሞን «የእግዚአብሔር በረከት ነው» ያሉ አማኞች እንደነበሩ ሰምቼ አፍሬያለሁ። ባንኩም ገንዘቡን የማስመለስ መብት ነበረው፤ የሕዝብ ገንዘብ ነውና ግዴታም ነበረበት።

ይሁን እንጂ ያ ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የተጻፈው የልጁ ስም ብቻ አልነበረም። እኛ አገር ስም ሲጻፍ የአባትና የአያት ስም ይከተላል። ልጁ ላጠፋው አባቱና አያቱም አብረው ግድግዳ ላይ ወጡ። ደግሞም በስም የሚመሳሰሉ ስንት ሰዎች አሉ! በእኛ አካባቢ አንድ ዓይነት የራስና የአባት ስም ያላቸው ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለትና ሦስት ይገኛሉ። ልጁ ገንዘቡን በነጋታው ቢመልስ ወረቀቱ ይነሣል፤ በስልክ የተነሣው የወረቀቱ ፎቶ ግን አይነሣም። አምስት ዓመት ቆይቶ ሥራ ሲያመለክት፣ ወይም ሽማግሌ ሲልክ፣ ያ ፎቶ ከአንዱ ሰው ስልክ ይወጣል።

በዘዳግም 24 ላይ ለአበዳሪ የተሰጠ አንድ ሕግ አለ፤ ብዙ ጊዜ አይሰበክበትም። ለባልንጀራህ ያበደርከው ነገር ቢኖር መያዣውን ለመውሰድ ወደ ቤቱ አትግባ፤ በውጭ ቁም፣ ባለዕዳው ራሱ ያውጣልህ የሚል ነው። ሕጉ ዕዳውን አይሰርዝም። መያዣውንም አይከለክልም። የሚከለክለው የበሩን ደፍ ማለፍ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ቤት አለው፣ በቤቱም ውስጥ አበዳሪው የማያየው ነገር አለ፤ ጥፋተኛ መሆኑ ደፉን አያፈርሰውም። እኔ ይህን ሳነብ ፎቶ ከመለጠፍ ይልቅ በር ላይ ቆሞ መጥራት፣ እንቢ ቢል ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ የተሻለ ነበር እላለሁ። «ካልተዋረዱ አይመልሱም» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ምናልባትም በብር ስሌት ትክክል ነው። ደፉን የሠራው ግን ስሌት አይደለም።

የሚገርመው በዚያው ወር፣ መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅን አጸደቀ፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ ለምን እንደያዘው እንዲያውቅ፣ ለዚያ ዓላማ ብቻ እንዲጠቀምበት፣ እንዲጠብቀውም ያዝዛል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በዚህ አዋጅ ጤናና ሃይማኖት ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መካከል ናቸው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ማለፍ አልፈልግም። «በብርሃን ተመላለሱ ተብለናል፤ ኃጢአት የሚያድገው በጨለማ ነው፤ ወጣቶች በስልክ የሚያዩትን እናውቃለን፤ ምስጢር ይከበር ካልን ለዲያብሎስ ክፍል ሰጠነው ማለት ነው» ይላሉ። ይህን የሚሉ መሪዎችን አከብራለሁ። የሚያሳስባቸው እውነተኛ ነገር ነው፤ ስልክ ብቻውን በብርድ ልብስ ውስጥ የብዙ ወጣት ውድቀት ሆኗል። አንዳንድ ቦታ ግን መፍትሔው ስልክ ተቀብሎ መፈተሽ ሆኗል። እጮኛሞችም የይለፍ ቃል መለዋወጥን እንደ ፍቅር ማረጋገጫ ይጠይቃሉ፤ «ካመንሽኝ ስጪኝ» ይባላል።

መናዘዝና መፈተሽ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መናዘዝ ሰጪ አለው፤ ሰውየው ራሱ አፉን ከፍቶ፣ የሚያምነውን ሰው መርጦ፣ የሚናገረውን ቃል ራሱ ያወጣል። በመፈተሽ ውስጥ ሰጪ የለም፣ ወሳጅ ብቻ ነው ያለው። የተፈተሸ ወጣት የሚማረው ንስሐ ሳይሆን ማጥፋትና ሁለተኛ አካውንት መክፈት ነው። ይህን ማንም የወጣቶች መሪ ያውቀዋል። እጮኛዬን አምናታለሁ ካልኩ ደግሞ እምነቴ የሚታየው ሳላይ በመተማመኔ ነው፤ ሁሉን አይቼ ከጨረስኩ በኋላ «አመንኩሽ» ማለት ምን ማለት ነው? በዚያ ላይ በእርሷ ስልክ ውስጥ የጓደኞቿ ምስጢር አለ። እነርሱ የታጩት ለእኔ አይደለም። በብርሃን መመላለስ የሚፈልግ ወንድም በፈቃዱ ከአንድ የበሰለ ሰው ጋር ተስማምቶ ስልኩን ቢያሳይ፣ የሚያጠቃውን ነገር ቢነግረው፣ በጣም ጥሩ ነው። እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ቁልፉ ግን ከውስጥ በኩል ይሁን።

እናንተን በቀን በቀን ስለሚያጋጥሟችሁ አንዳንድ ነገሮች ደግሞ ልናገር፤ ቃል ብቻ እንዳይሆን።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ፎቶ ኮፒ ቤቶችን ነው። ባለቤቶቹ ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። መታወቂያችንን፣ የትምህርት ማስረጃችንን፣ የልጆቻችንን የልደት ካርድ በቴሌግራም ልከን «አትምልኝ» እንላለን፤ ወረቀቱን ተቀብለን እንሄዳለን፣ ፋይሉ ግን እዚያ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ከእኔ በኋላ የመጣው ሰው የራሱን ፋይል ሲፈልግ የእኔን ያያል። ስለዚህ አሳትማችሁ ስትጨርሱ «እባክህ ወንድሜ፣ አጥፋልኝ» በሉ፤ ሲያጠፋም ቆማችሁ እዩ። በቴሌግራም ከላካችሁም መልእክቱን ከሁለቱም ወገን አጥፉት። ይህ ነውር አይደለም፤ መጀመሪያ ትንሽ ያሳፍራል፣ በሦስተኛው ጊዜ ባለሱቁ ራሱ ይለምደዋል።

ፋይዳ መታወቂያ ሲመጣ ጉዳዩ ከብዷል። ለፋይዳ ስንመዘገብ የአሥሩን ጣቶቻችንን አሻራ፣ የዓይናችንን ብሌንና የፊታችንን ምስል ሰጥተናል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ጣት አይቀየርም። መመዝገቡን አልቃወምም፤ አገልግሎት ለማግኘት ያስፈልጋል፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015ም መረጃው እንዲጠበቅ ያዝዛል። እኔ የምለው የመታወቂያውን ፎቶ ለጠየቀ ሁሉ አትላኩ ነው። ሥራ እናስቀጥራለን ብሎ በቴሌግራም የመታወቂያ ፎቶ የሚጠይቅ ሰው ሥራ እንዳለው በምን አወቃችሁ? መላክ ግድ ከሆነም በኮፒው ላይ ለማንና ለምን ጉዳይ እንደተሰጠ በሰያፍ ጻፉበት፤ ለሌላ ነገር እንዳይውል።

ስልክ ለጥገና ስትሰጡ ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን አውጡ፤ ስትሸጡት ደግሞ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ መሰረዝ አይበቃም፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ፋብሪካው ይዞታ መልሱት። በስልካችሁ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድን ለማንም አትንገሩ፤ ወንድማችሁ ነኝ ቢልም፣ ከባንክ ነኝ ቢልም፣ ፓስተር ነኝ ቢልም። በቴሌግራም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማስገቢያውን ክፈቱ፤ ሴቲንግ ውስጥ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አካውንታቸው ተወስዶ በስማቸው «አስቸኳይ ብር ላክልኝ» የተባለባቸውን ሰዎች ሁላችንም እናውቃለን። እዚያው ስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይም መወሰን ትችላላችሁ፤ በተለይ እህቶች፣ «ማንም» በሚለው አድርጉት። በቴሌብር የምትከፍሉበትን የሚስጥር ቁጥር ለሱቅ ልጅ ጮክ ብሎ መናገርም የተለመደ ሆኗል። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ማየት ስለሚያስቸግራቸው ነው፤ ልጆቻቸው አጠገባቸው ቁሙ እንጂ አትውቀሷቸው።

ከእነዚህ ይልቅ ግን የሚከብደኝ በአገልግሎታችን ውስጥ ያለው ካሜራ ነው። ሰው ታምሞ ሲጸለይለት ይቀረጻል። ሲወድቅ ይቀረጻል፤ ልብሷ ሲገለጥ የሚያለብሷት እህቶች ጨርቅ ይዘው ይሮጣሉ፣ ካሜራው ግን ከእነርሱ ይቀድማል። ሴምና ያፌት በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከካም ጋር እየተሽቀዳደሙ ነው ማለት ነው። ምስክርነት ላይ ደግሞ ሰው በደስታ ሆኖ ስለ በሽታው፣ ስለ ትዳሩ፣ ከዚህ በፊት ስለነበረበት ሕይወት ይናገራል። በዚያች ሰዓት ለተሰበሰቡት ሁለት መቶ ሰዎች ፈቅዷል። ለቲክቶክ ፈቅዷል ወይ? ጌታ ራሱ ፈውሶ «ለማንም እንዳትናገሩ» ያላቸው ሰዎች በወንጌላት ውስጥ አሉ። የተፈወሰው ሰው ማስታወቂያ እንዲሆን አልቸኮለም። በዓል ሲመጣ ለችግረኞች ዱቄትና ዘይት ስንሰጥም እንዲሁ ነው፤ ተቀባይዋ እናት ከረጢቱን በአንድ እጅ ይዛ በሌላው እጅ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስትስብ አይቻለሁ። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ ቀና በሉ» ይላቸዋል። ለረጂዎች ሪፖርት ያስፈልጋል ከተባለ የከረጢቶቹን ፎቶ አንሡ፤ ቁጥራቸውም ይታያል።

የሰንበት ትምህርት ልጆችን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ ልጨምር፦ ወላጅ ሳይጠየቅ የልጅ ፎቶ ከስሙና ከሚማርበት ትምህርት ቤት ጋር አይለጠፍ። በዚህ ላይ ክርክር ያለ አይመስለኝም።

አሁን «ያዙልኝ» ወዳልኩት ነጥብ ልመለስ። በየቤተ ክርስቲያናችን የአባላት መዝገብ አለ። ማን እንደ ተጠመቀ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን ተግሣጽ ላይ እንዳለ ተጽፏል። በደርግ ዘመን እንዲህ ያለ ዝርዝር በተሳሳተ እጅ ቢገባ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ታውቃላችሁ። ዛሬ በአንድ ወንድም ላፕቶፕ ላይ ያለ የይለፍ ቃል ተቀምጧል፤ ላፕቶፑም ስላይድ ለማሳየት እሑድ እሑድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እኛ አስተማሪዎች በቅርቡ የወጣቶች መመዝገቢያ ቅጻችንን ቁጭ ብለን አየነው። «ከዚህ በፊት የነበርክበት ሱስ» የሚል ጥያቄ ነበረበት፤ አወጣነው፣ ይህ በቅጽ ላይ የሚሞላ ነገር አይደለም። «የቤተሰብህ ሃይማኖት» የሚለውንም አወጣነው። ሦስተኛው «የጤና ሁኔታ» የሚለው ነው። አንዷ መምህርት ለጉዞና ለካምፕ ስንወጣ የሚጥል በሽታ ወይም አስም ያለበትን ልጅ ማወቅ አለብን ትላለች፤ እውነቷን ነው። ሌላው ወንድም ደግሞ ለካምፕ ጊዜ ወላጅ በወረቀት ጽፎ ለመሪው ይስጥ፣ ከካምፕ ስንመለስ ወረቀቱ ይመለስለት ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ግን ገና አልተስማማንም፣ ቅጹም እስካሁን አልታተመም።